አጭር ፕሮግራም ከፈተናው ይጀመር፦ የማይክሮ ክሬደንሻል አቀራረጽ፣ አጸዳደቅና ክትትል፣ ከጅማ የቡና ቅምሻ ምሳሌ ጋር

ማይክሮ ክሬደንሻል ዩኒቨርሲቲ በአጭር ሥልጠና ያስተማረውን ሰው ፈትኖ የሚሰጠው ማስረጃ ነው፤ ለእሱ በሚዘጋጀው ሰነድ መጀመሪያ የሚጻፈው ገጽ የመጨረሻው ፈተና ነው። የትምህርት ክፍሎች በብዛት የሚጀምሩት ከርዕስና ከምዕራፍ ዝርዝር ነው። ከዚያ ሰዓት ይደለደላል፣ ክፍያ ይተመናል፣ ፈተናው ደግሞ «በአሠልጣኙ ይዘጋጃል» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። እንዲህ ያለ ሰነድ ስብሰባ ላይ ሊያልፍ ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ቀጣሪው ወረቀቱን ይዞ የመጣውን ሰው ሥራ ላይ ሲያየው ነው፤ አንዴ «ወረቀቱ እንዲሁ ነው» ከተባለ ለሁለተኛው ዙር የሚመዘገብ አይገኝም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦ «የቡና ቅምሻና የጥሬ ቡና ጥራት ምርመራ»፣ 3 ክሬዲት፣ ለእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለአቅራቢዎች ሠራተኞች። ጅማ ላይ ይህን ርዕስ መምረጥ ሰበብ አያሻውም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው፤ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም በቡና ምርምር በሀገር ደረጃ ግንባር ቀደም ነው። አሠልጣኙም፣ ገምጋሚውም፣ ቀጣሪውም በአንድ ከተማ ዙሪያ ይገኛሉ። እነዚህ ሦስቱ የማይሟሉበት ርዕስ የቱንም ያህል ቢያምር ለአጭር ፕሮግራም አይሆንም።

ወረቀቱ ምን ይላል?

ሦስት ወረቀቶች ሲምታቱ ይታያል። የተሳትፎ ሰርተፍኬት «ይህ ሰው መጥቶ ተቀምጧል» ይላል። የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው፣ በሀገር ደረጃ በወጣ የሙያ ደረጃ ተመዝኖ የሚገኝ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ፈቃድ አይሰጠውም። ማይክሮ ክሬደንሻል ደግሞ «ይህ ሰው ይህን ያህል ሰዓት ተምሮ፣ በዚህ መንገድ ተፈትኖ፣ ይህን መሥራት እንደሚችል አይተናል» የሚል የዩኒቨርሲቲው ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ያወጣው የውሳኔ ሐሳብም ከዚህ አይርቅም፦ አነስተኛ መጠን ያለው ትምህርት፣ ግልጽ በሆነ መስፈርት የተመዘነ፣ ባለቤቱ ይዞት የሚዞረው ማስረጃ።

በመጠን ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ዓይነት ማስረጃ ወደ ሥርዓቷ ስታስገባ ከ5 እስከ 40 ክሬዲት ብላ ወስና ነበር፤ የእነሱ አንድ ክሬዲት ግን 10 የመማሪያ ሰዓት ነው። በአውሮፓው የክሬዲት አቆጣጠር፣ በኢሲቲኤስ፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ይይዛል። የውጭ ሰነድ ላይ «5 ክሬዲት» አይቶ እንዳለ የገለበጠ ሰው ሥራውን ሦስት እጥፍ ያበዛዋል ወይም አንድ ሦስተኛ ያደርገዋል። ተቋማችሁ በምንም ይቁጠር፣ ከክሬዲቱ ጎን ጠቅላላ ሰዓቱን ጻፉ።

የፍላጎት ዳሰሳው

«በቡና ጥራት ላይ ሥልጠና ቢሰጥ ይፈልጋሉ?» የሚል መጠይቅ ለ200 ሰው ቢበተን 200 «አዎ» ይዞ ይመለሳል፤ ምንም አይነግራችሁም። ከአጋሮ፣ ከማና፣ ከሰቃና ከሊሙ በኩል 10 ወይም 12 ቀጣሪ ፊት ለፊት ማነጋገር ይበልጣል። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ባለፈው ወቅት ደረጃው የወረደባችሁ ቡና አለ? በምን ምክንያት? ከመጫኑ በፊት ሊያየው ይችል የነበረው ሠራተኛ የትኛው ነው? ያንን ሠራተኛ አምስት ቅዳሜና እሁድ ትለቁታላችሁ? ከክፍያው ግማሹን ትሸፍናላችሁ? የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ላይ «እናስብበታለን» የሚለው መልስ ከበዛ ፍላጎቱ የአፍ ነው። ዩኒቨርሲቲው በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ተማሪ ወደ ወረዳዎች ሲልክ የኖረ በመሆኑ መግቢያ በር አይቸግርም፤ አዲስ ትውውቅ ከመፈለግ ያንን መስመር ተጠቀሙ።

የብቃት መግለጫና ፈተና

ለ3 ክሬዲት ከ3 እስከ 5 የብቃት መግለጫ ይበቃል። «ያውቃል»፣ «ይገነዘባል»፣ «ግንዛቤ ያገኛል» የሚሉ ግሦችን አስወጧቸው፤ በዓይን አይታዩም። በምሳሌያችን አራት እንይዛለን፦ ሰልጣኙ ከሦስት ስኒ ልዩ የሆነውን በቅምሻ ይለያል፤ የቅምሻ ቅጽ ሞልቶ ከአንጋፋ ቀማሾች አማካይ ውጤት ከ2 ነጥብ ባልበለጠ ልዩነት ነጥብ ይሰጣል፤ ከ350 ግራም ጥሬ ቡና ላይ እንከን ለይቶ ይቆጥራል፤ እርጥበት ለክቶ ከ11.5 በመቶ በላይ የሆነውን ለይቶ ወደ ማድረቂያ አልጋ ይመልሳል።

የመጀመሪያውን ቀረብ ብለን እንየው፤ የማለፊያ ነጥብ እንዴት እንደሚወሰን ከዚህ የተሻለ አያሳይም። ሦስት ስኒ ይቀርባል፤ ሁለቱ አንድ ቡና፣ አንዱ ሌላ። ይህ ስድስት ጊዜ ይደገማል። ምንም ሳይቀምስ በዘፈቀደ የሚጠቁም ሰው በእያንዳንዱ ላይ ከሦስት አንድ ዕድል አለው። የማለፊያ ነጥቡ ከ6ቱ 4 ከሆነ፣ በግምት ብቻ የማለፍ ዕድሉ 10 በመቶ ነው፤ ሃያ ሰው ምላሱን ሳያስነካ ቢፈተን ሁለቱ ያልፋሉ ማለት ነው። ነጥቡን ወደ 5 ስታደርጉት ዕድሉ ከ2 በመቶ በታች ይወርዳል። «60 በመቶ ያገኘ አለፈ» የሚለውን ልማድ እዚህ ማምጣት ለዚህ ነው የማያዋጣው። የማለፊያ ነጥብ ከፈተናው ዓይነት ይወጣል፤ በመቶኛ ልማድ አይታዘዝም።

ቡናዎቹን ስትመርጡ ያልታጠበ ጅማን ከታጠበ ሊሙ ጋር ብቻ አታጋጥሙ፤ ያንን ቡና ጠጥቶ ያደገ ሁሉ ይለየዋል። ሁለቱን ጥንድ ቀላል፣ ሦስቱን መካከለኛ አድርጉ፤ አንዱን ደግሞ ከአንድ ጣቢያ ወጥቶ በመብላላት ሰዓት ብቻ ከሚለያይ ቡና አዘጋጁ። የአቆላሉ ቀለም እንዳያሳብቅ ክፍሉን በቀይ መብራት አብሩት። የስኒዎቹን ኮድ የሚለጥፈው ሰው አሠልጣኙ ሊሆን አይገባም። አሠልጣኝ ፊቱ ያሳብቃል፤ ተማሪም ከስኒው ይልቅ ፊቱን ያነባል።

ለእያንዳንዱ መግለጫ የምዘና መስፈርት በሠንጠረዥ ይዘጋጅ፤ አንዱን በሌላው ማካካስ እንደማይቻልም ይጻፍ። እንከን በመቁጠር 95 አግኝቶ በቅምሻ የወደቀ ሰው በአማካይ ካለፈ ወረቀቱ ውሸት ይሆናል። ሁለተኛ ዕድል አንድ ጊዜ፣ ለወደቀበት ክፍል ብቻ፣ ከ30 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መስጠት ተገቢ ነው።

ሰዓትና ዕቃ

አንዱን ክሬዲት 27 ሰዓት ብንይዝ 3 ክሬዲት 81 ሰዓት ነው። ድልድሉ፦ የክፍል ትምህርት 12፣ ቤተ ሙከራ 30 (እያንዳንዱ 3 ሰዓት የሆነ 10 ክፍለ ጊዜ)፣ በሥራ ቦታ ልምምድ 24፣ የግል ንባብ 10፣ ፈተና 5። ሰነድ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚደምረው ይህንን ነው፤ ካልገጠመ የቀረውንም በጥርጣሬ ያነበዋል።

የሰልጣኝ ቁጥር የሚወሰነው በወንበር አይደለም። አንድ የቅምሻ ጠረጴዛ 5 ሰው ይይዛል እንበል፤ ለ20 ሰው 4 ጠረጴዛ ያስፈልጋል። በአንድ ጠረጴዛ 6 ናሙና፣ ለእያንዳንዱ 5 ስኒ፣ በጠቅላላው 30 ስኒ። የስፔሻልቲ ቡና ማኅበር የቅምሻ ልክ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ነው፤ ስለዚህ በጠረጴዛ 248 ግራም ገደማ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ወደ 1 ኪሎ የተቆላ ቡና ይሄዳል። ከአሥሩ ክፍለ ጊዜ ስምንቱ ቅምሻ ከሆኑ 8 ኪሎ ማለት ነው፤ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ 15 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ 9.5 ኪሎ ጥሬ ቡና ያዙ። ለእንከን ቆጠራው 20 ሰው በ350 ግራም 7 ኪሎ ይፈልጋል፤ ይህኛው ተመልሶ ይሠራበታል።

ቡናው አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ውኃው ነው። 120 ስኒ በ150 ሚሊ ሊትር 18 ሊትር ነው፤ ያ ሁሉ በ93 ዲግሪ፣ በአንድ ጊዜ፣ በደቂቃዎች ውስጥ መፍሰስ አለበት፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ስኒው ላይ የሰፈፈው የቡና አረፋ በማንኪያ ይሰበራል። ሁለት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ይዞ የተጀመረ ክፍለ ጊዜ አራተኛው ጠረጴዛ ሲደርስ የመጀመሪያው ቀዝቅዞ ያገኘዋል፤ የተለያየ ሙቀት የቀመሱ ሰዎች ነጥባቸው ቢለያይ ጥፋቱ የምላስ አይደለም። መብራትም ይጠፋል። የጋዝ ምድጃና ትልቅ ድስት በበጀቱ ውስጥ ይግቡ። ቡናው ከቅምሻው ቢያንስ 8 ሰዓት፣ ቢበዛ 24 ሰዓት ቀድሞ መቆላት ስላለበት የቅዳሜው ቡና ዓርብ ይቆላል፤ ዓርብ ከሰዓት የሚቆላው ቴክኒሻን የትርፍ ሰዓት ክፍያም ይጻፍ። ሲረሳ በተደጋጋሚ የሚታይ መስመር ነው።

ክፍያውን ለመተመን ቋሚ ወጪን ከተለዋዋጩ ለዩ። ለሒሳብ ምሳሌ ያህል፦ ቋሚው 120,000 ብር፣ በአንድ ሰልጣኝ የሚወጣው 2,500 ብር፣ ክፍያው 10,000 ብር ቢሆን፣ ወጪውን የሚሸፍነው 16ኛው ሰልጣኝ ነው። ስለዚህ «ዝቅተኛ ቁጥር 16» ተብሎ በሰነዱ ይወሰን፤ ያ ካልሞላ ዙሩ እንደሚዘልና ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስም ይጻፍ። በ9 ሰው ተጀምሮ ልምምዱ የተቆረጠበት ፕሮግራም፣ ዙር ሲዘለል ከሚመጣው ቅሬታ የባሰ ጠንቅ አለው።

ማጽደቅ

መንገዱ በየተቋሙ የሴኔት (የዩኒቨርሲቲው የበላይ የአካዳሚክ ጉባኤ) ሕግ ይወሰናል፤ አጠቃላይ ቅርጹ ግን ይታወቃል፦ የትምህርት ክፍል ጉባኤ፣ የኮሌጅ የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ፣ የኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን፣ የጥራት ማረጋገጫ ክፍል አስተያየት፣ ሴኔት ወይም ሴኔቱ የወከለው ኮሚቴ። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት የአካዳሚክ ፕሮግራም ጉዳይ የሴኔቱ ነው። ተግባራዊው ጥያቄ ለ81 ሰዓት ፕሮግራም የአንድ ዲግሪ ያህል ጊዜ ይፍጅ ወይ የሚለው ነው። አንድ ጊዜ ሴኔቱ የማዕቀፍ መመሪያ ያጽድቅ፦ የመጠን ወሰን፣ የሰነድ ቅጽ፣ የምዘና ደንብ፣ የማስረጃ ይዘት፣ የመዝጊያ ሥርዓት። ከዚያ እያንዳንዱ ፕሮግራም በዚያ ማዕቀፍ ሥር በቋሚ ኮሚቴ ታይቶ ያልፋል፤ ሴኔቱ ዝርዝሩን በሪፖርት ያያል። ማዕቀፍ በሌለበት «ለጊዜው በደብዳቤ ይጀመር» ተብሎ የተከፈተ ፕሮግራም፣ ሬጂስትራሩ «ይህን በምን ሥልጣን ልመዝግበው?» ሲል ይቆማል፤ ሰልጣኙ ግን ጨርሷል። በዚህ ክርክር ሬጂስትራሩ ልክ ነው።

የሚቀርበው ሰነድ ከ15 ገጽ አይብለጥ፤ ፈተናውና የምዘና ሠንጠረዡ ግን አባሪ ሆነው ሙሉ በሙሉ ይቅረቡ። ሁለት ገምጋሚ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከሌላ ተቋም፣ ሌላው ከሥራው ዓለም። የሥራው ዓለም ገምጋሚ 15 ገጽ በእንግሊዝኛ ላያነብ ይችላል። ለእሱ ፈተናውን ብቻ ስጡትና «ይህን ላለፈ ሰው አንድ ጆንያ ቡና አምነህ ትሰጣለህ?» በሉት፤ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ የክፍያው ተካፋይ ከሆነ ግምገማው ዋጋ የለውም።

ስብሰባ ላይ ሰነድ የሚመለስባቸው ምክንያቶች ብዙም አይለዋወጡም፦ ሰዓቱ አይደመርም፤ ከመደበኛው ኮርስ ጋር ይደራረባል ግን አልተገለጸም፤ «ወደ ዲግሪ ክሬዲት ይዛወራል» ተብሏል ግን ተቀባዩ ትምህርት ክፍል የሰጠው ደብዳቤ የለም፤ አሠልጣኙ አንድ ሰው ብቻ ነው። የመጨረሻው በተለይ ይታሰብበት። ዋናው መምህር ለፒኤችዲ ሲሄድ አብሮት የሚሄድ ፕሮግራም ከጅምሩ መጽደቅ አልነበረበትም። ቢያንስ ሁለት ሰው ሙሉውን የማስተማር ብቃት እንዳለው ይረጋገጥ።

ወቅትና ቋንቋ

በጅማ ዙሪያ የቡና ለቀማው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ይደምቃል። በዚያን ጊዜ ከማጠቢያ ጣቢያ ሰው አይለቀቅም፤ የሥራ ቦታ ልምምድ ግን ከዚያ ውጭ አይገኝም። ስለዚህ ክፍሉና ቤተ ሙከራው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ በአምስት ቅዳሜና እሁድ ያልቃል፤ 24ቱ የልምምድ ሰዓት ሰልጣኙ በሚሠራበት ጣቢያ በጥቅምትና በኅዳር ይያዛል፤ ፈተናው ጥር ላይ ይሆናል። ወደኋላ ቆጥራችሁ የማጽደቂያ ሰነዱ ከሚያዝያ በፊት ማለቅ እንዳለበት ታያላችሁ። የረመዳንን ቀናትም በየዓመቱ እዩ፤ ጾሙ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ አምና የማይነካው ወር ዘንድሮ ሊነካ ይችላል። የቅምሻ ፈተና ለጾመኛ በቀን ማዘጋጀት ሰልጣኙን ከእምነቱና ከወረቀቱ አንዱን እንዲመርጥ ማስገደድ ነው።

ሰነዱ በእንግሊዝኛ ይጻፍ ይሆናል። ሥልጠናው ግን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ካልሆነ የጣቢያው ሠራተኛ የሚፈተነው በእንግሊዝኛ እንጂ በቡና አይሆንም። የቅምሻ ቅጹን በሦስቱም ቋንቋ አዘጋጁ፤ «አሲዳማነት»፣ «ጥግግት»፣ «የኋላ ጣዕም» ለሚሉት ቃላት በመጀመሪያው ቀን ስኒ ይዞ መስማማት ያስፈልጋል። አሲዳማነት የሚለውን ብዙ ሰው «ኮምጣጣ» ብሎ እንደ ጉድለት ይወስደዋል። በአንድ ስኒ ጥሩ የታጠበ ቡና፣ በሌላው ከልክ በላይ የተብላላ ቡና አቅርቡና ልዩነቱ ምላስ ላይ ይታይ።

ማስረጃው

ወረቀቱ ላይ የሚገባው፦ የሰልጣኙ ስም፣ የማስረጃው ርዕስ፣ የሰጪው ተቋምና አገር፣ ቀን፣ የብቃት መግለጫዎቹ በዝርዝር፣ ሰዓቱና ክሬዲቱ፣ ደረጃው፣ የምዘናው ዓይነት፣ በአካል ወይም በኦንላይን መሰጠቱ፣ ጥራቱ በማን እንደተረጋገጠ፣ የማረጋገጫ ቁጥርና ኪውአር ኮድ። የብቃት መግለጫዎቹ በጀርባው ይታተሙ፤ ቀጣሪ የሚያነበው ያንን ነው።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ሰው በቁቤ፣ በእንግሊዝኛ መታወቂያና በአማርኛ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል። በምዝገባ ቀን ከፋይዳ መታወቂያው ላይ ይቀዳ፣ ሰልጣኙ አይቶ ይፈርም። ከታተመ በኋላ አንድ ፊደል ማስተካከል ማለት ማስረጃ መሰረዝ፣ ቁጥር መቀየርና መዝገብ ማረም ነው።

ክትትል

የመጀመሪያው ዙር የሙከራ ነው፤ ከ20 ሰው አይበልጥ። ከጽሑፍና ከቅጽ ምዘናዎች 20 በመቶው በሁለተኛ መዛኝ ይታይ፤ ልዩነቱ ከተስማማችሁበት ወሰን ካለፈ ሁሉም ይታረም። የሥራ ቦታ ልምምዱ ማስታወሻ በጣቢያው ኃላፊ ቢፈረምም አሠልጣኙ ቢያንስ አንዴ በአካል ይሂድ፤ ሁሉም ገጽ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቀን የተሞላ ማስታወሻ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

በየዓመቱ ሁለት ገጽ ሪፖርት ይበቃል፦ ስንት ተመዘገበ፣ ስንት ጨረሰ፣ ስንት አለፈ፣ በየትኛው ክፍል ወደቁ፣ ምን ቅሬታ መጣ፣ ምን ተቀየረ። የምርቃቱ ፎቶ ሪፖርት አይደለም። ለሁለት ቁጥር ንቁ፤ ጨራሹ ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ወቅቱ ወይም ክፍያው ችግር አለው፤ ሁሉም ካለፉ ደግሞ ፈተናው ይታይ። ከስድስት ወር በኋላ ለያንዳንዱ ምሩቅና ለቀጣሪው ስልክ ይደወል፤ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ሥራው ተቀይሯል? የተማረውን ባለፈው ወር ተጠቅሞበታል? ያልተማረው ምን ጎደለው?

ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ይሁን፤ ካልታደሰ በራሱ ያበቃል። ከዚያ በፊትም ከሁለቱ አሠልጣኞች አንዱ ከለቀቀ፣ የደረጃ መመዘኛው ከተለወጠ ወይም ለሁለት ተከታታይ ዓመት ዝቅተኛው ቁጥር ካልሞላ ምዝገባ ይቁም። ሲዘጋ በመሃል ያሉት ሰልጣኞች መጨረሻ ፈተናቸውን የሚወስዱበት ቀን ይቆረጥ፣ የፈተና ወረቀቶችንና የምዘና ሠንጠረዦችን ሬጂስትራሩ ይረከብ፣ የማረጋገጫ ገጹ ግን እንዳይዘጋ። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ አቅራቢ ኪውአሩን ስካን ሲያደርግ «ፕሮግራሙ ተዘግቷል፣ ማስረጃው ግን የጸና ነው» የሚል መልስ ሊያገኝ ይገባል።